ከአንድ ቤተ ሙከራ የወጡ ሁለት ክትባቶች፦ አንዱ በዓመት፣ ሌላው በሠላሳ ዓመት

በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ 2.2 ሚሊዮን ገደማ የኮቪድ ክትባት አዲስ አበባ ገባ። አስትራዜኔካ ሲባል የሰማነው ያ ነው። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስም ኮቪሺልድ ነበር። ያመረተው ሕንድ አገር ፑኔ ከተማ ያለው ሴረም ኢንስቲትዩት ነው። የፈጠረው ግን የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጄነር ኢንስቲትዩት።

ከዚያው ተቋም የወጣ፣ በዚያው ፋብሪካ የሚመረት ሌላ ክትባት ደግሞ አሁን የአፍሪካ ሕፃናት እየተሰጣቸው ነው። አር21 ይባላል። የወባ ክትባት ነው። የወባ ክትባት መስጠት የጀመሩት የአፍሪካ አገሮች ከ20 በላይ ደርሰዋል፤ ኢትዮጵያም ገብታበታለች።

(ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለቱን ክትባቶች ዕድሜ እናስተያይ። የኮቪድ ቫይረስ የዘር ቅንብር ይፋ የሆነው በጥር 2020 ነው። ሚያዝያ ላይ ኦክስፎርድ ውስጥ የመጀመሪያው ፈቃደኛ ተወጋ። በታኅሣሥ መጨረሻ እንግሊዝ ክትባቱን አጸደቀች። ዓመት እንኳ አልሞላውም። የወባው ግን የዓለም ጤና ድርጅትን ድጋፍ ያገኘው በጥቅምት 2023 ነው። ምርምሩን የሚመሩት ሰው ወባን ማጥናት ከጀመሩ ያኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ይህን የሰማ ሐበሻ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ሀብታሞቹን ሲነካ በዓመት፣ እኛን ሲገድል በሠላሳ ዓመት!» ክሱ ውሸት አይደለም። ግን ግማሹን ነው የሚናገረው። ሌላኛው ግማሽ ብዙም አይወራም፦ ያ በዓመት የደረሰው ክትባት ሊደርስ የቻለው፣ ሰዎች ለወባ ክትባት ሲደክሙና ሲወድቁ በቆዩባቸው ዓመታት ምክንያት ነው። ይህን ለማየት የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ጥሩ መስኮት ይሆነናል።

ሰውየው ፕሮፌሰር ኤድሪያን ሂል ይባላሉ። በ1958 ደብሊን፣ አየርላንድ ተወለዱ። ሕክምና የተማሩት ኦክስፎርድ ነው። ተማሪ ሳሉ ቄስ የሆኑ አጎታቸውን ሊጠይቁ ዚምባብዌ ሄደው፣ በወባ የተያዙ ሕፃናት የሞሉበት የሆስፒታል ክፍል አይተው እንደተመለሱ ይነገራል። ክትባት ውስጥ የገቡት ግን በቀጥታ አይደለም። በጂን በኩል ዞረው ነው የመጡት።

በ1980ዎቹ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት አልፋ ታላሴሚያ በሚባል፣ በዘር በሚተላለፍ የደም ችግር ላይ ነበር። ይህ ችግር በፓፑዋ ኒው ጊኒና በአካባቢው ደሴቶች ላይ ወባ በበዛበት ቦታ በብዛት ይገኛል። ወባ ባነሰበት ቦታ ደግሞ ያንሳል። ምክንያቱም ያ ጂን ያላቸው ሰዎች ከወባ የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ ነው። ወባ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሰውን ሲመርጥ ኖሯል ማለት ነው። አንዱን ጥሎ ሌላውን አስቀርቷል።

ከዚያ ጥያቄያቸው ወደ ጋምቢያ ወሰዳቸው። የብዙ ሕፃናትን ደም መረመሩ። ገሚሶቹ በጽኑ ወባ የታመሙ፣ ገሚሶቹ ያልታመሙ። በ1991 ውጤቱ ወጣ። ኤችኤልኤ-ቢ53 የሚባል የጂን ዓይነት ያላቸው ልጆች ከጽኑ ወባ የተሻለ ይጠበቃሉ። ይህ ጂን የሚሠራው ቲ ሴል ከሚባሉት የሰውነት ወታደሮች ጋር ነው። ቲ ሴል በተህዋሲ የተያዘን ሴል ለይቶ ያጠፋል።

ለሂል ይህ ፍንጭ ብቻ አልነበረም። አቅጣጫ ሆነ። ሰውነት ራሱ ወባን በቲ ሴል የሚከላከል ከሆነ፣ ክትባቱስ ለምን ቲ ሴልን አይቀሰቅስም? ቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት ከዚህ ጥያቄ ወጡ።

እዚህ ላይ ወባ ለምን እንዲህ አስቸጋሪ እንደሆነ ቆም ብለን እንይ። ያለዚህ ቀሪው ታሪክ አይገባም።

ኮቪድን የሚያመጣው ቫይረስ ያሉት ፕሮቲኖች ሠላሳ ቢሆኑ ነው። ለክትባት የሚያስፈልገው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው፤ ያ ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት ሹል ፕሮቲን። የወባ ተህዋሲ ግን ቫይረስ አይደለም፣ ባክቴሪያም አይደለም። የራሱ አስኳል ያለው ጥገኛ ተህዋሲ ነው። ከ5,000 በላይ ጂኖች አሉት። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ መልኩን መቀያየሩ ነው። ትንኟ ስትነድፍ ከምራቋ ጋር የሚገባው ስፖሮዞይት የሚባለው መልክ ነው። በቁጥር ጥቂት ነው። በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ፈጥኖ ጉበት ውስጥ ይደበቃል። ጉበት ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል። ሰውየው ምንም አይሰማውም። ከዚያ አንዱ በብዙ ሺህ ተባዝቶ፣ ሌላ መልክ ይዞ ወደ ደም ይወጣል። ብርድ ብርድ የሚለን፣ የሚያንቀጠቅጠን፣ የሚያተኩሰን ያኔ ነው። ይህኛው መልክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው የሚኖረው። ልብሱንም ቶሎ ቶሎ ይለውጣል።

ስለዚህ ክትባት ሠሪው መምረጥ አለበት። ጉበት ሳይደርስ ልያዘው? ጉበት ውስጥ እያለ ልግደለው? ወይስ ደም ውስጥ ሲገባ ልግጠመው? ሁሉም መንገድ የራሱ ፈተና አለው። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ አንድ ስፖሮዞይት ካመለጠ ሁሉም ነገር ከንቱ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ወባ ደጋግሞ የሚይዝ በሽታ ነው። አንዴ ታሞ የዳነ ሰው እንኳ ሙሉ መከላከያ አያገኝም። ተፈጥሮ ያልሰጠችውን መከላከያ በመርፌ ለመስጠት መሞከር ነው እንግዲህ።

ሂል ሁለተኛውን መረጡ። ጉበት ውስጥ እያለ በቲ ሴል መግደል። ለዚህ ደግሞ ተራ ክትባት አይበቃም። ቲ ሴልን በደንብ የሚቀሰቅሰው ሴል ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ነገር ነው። ስለዚህ ሌላ ቫይረስን መጓጓዣ ማድረግ ነበረባቸው። በሽታ የማያመጣ፣ የማይራባ ቫይረስ ወስዶ፣ የወባን ጂን ጭኖ፣ ወደ ሰውነት መላክ።

መጀመሪያ ከፈንጣጣ ክትባት ቤተሰብ የሆኑ ቫይረሶችን ተጠቀሙ። በ1994 ደግሞ ሳራ ጊልበርት የተባሉ ተመራማሪ ቡድናቸውን ተቀላቀሉ። ስማቸውን ያዙት፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን። በመጀመሪያ ውጤቱ ኦክስፎርድ ውስጥ ጥሩ መሰለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ፈቃደኞች ይከተባሉ፣ ከዚያ የወባ ተህዋሲ የያዙ አምስት ትንኞች በኩባያ ሆነው ክንዳቸው ላይ ይደረጋሉ፣ ይነደፋሉ። ደማቸው በየቀኑ ይመረመራል። ተህዋሲው ከታየ ወዲያው መድኃኒት ይሰጣቸዋል። (እኛ በአጎበር የምንሸሻትን ትንኝ እነሱ ካሳ ተከፍሏቸው ክንዳቸውን ይሰጧታል። የዓለም ነገር!)

ከዚያ ኬንያ ተሄደ። ኪሊፊ በምትባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ 400 ገደማ ሕፃናት ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ2006 ታተመ። ክትባቱ አልጠበቃቸውም። ቲ ሴሉ ተቀስቅሷል፣ ወባው ግን መጣ።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ቡድኑ ግን መጓጓዣውን መለወጥ ነው የፈለገው። ያለው ቫይረስ በቂ ቲ ሴል አልቀሰቀሰ ይሆናል ተባለ። ስለዚህ ከችምፓንዚ የተገኘ፣ በሰው ላይ ቢሆን ጉንፋን መሰል ሕመም የሚያመጣ ዓይነት ቫይረስ ተወሰደ። አዴኖቫይረስ ይባላል። ለምን ከችምፓንዚ? የሰውን አዴኖቫይረስ ብዙዎቻችን ታመንበት ስለምናውቀው፣ ሰውነታችን መጓጓዣውን ራሱን ገና ሲገባ ያጠፋዋል። የችምፓንዚው ግን ለሰውነታችን እንግዳ ነው። ያልፋል።

በአዲሱ መጓጓዣ ኬንያ ውስጥ በአዋቂዎች ላይ ሲሞከር ተስፋ ሰጪ ቁጥር ታየ። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ሕፃናት ላይ ሲሞከር ግን እንደገና አልሠራም። ወባ በዋናነት የሚገድለው ደግሞ ሕፃናትን ነው። በዚሁ የአስተሳሰብ መስመር ከዚያው ኦክስፎርድ የተሠራ የሳንባ ነቀርሳ ክትባትም በደቡብ አፍሪካ 2,797 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ በ2013 መውደቁ ተነገረ። ለቲ ሴል ሰፈር ክፉ ዓመት ነበር።

እንግዲህ ሂሳቡን ያዙ። ከ1991 እስከ 2013፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ለሕፃናት የሚሆን የወባ ክትባት የለም። ይህን የሚያይ ገንዘብ ሰጪ «ብሩን የት አደረሳችሁት?» ቢል አይፈረድበትም። እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

ብሩ የገባበት ግን ነበር። በእነዚያ ዓመታት ቡድኑ የችምፓንዚን ቫይረስ ወስዶ፣ የፈለገውን ጂን ጭኖ፣ ለሰው በሚሆን ንጽሕና አምርቶ፣ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች በደኅና መስጠትን ተክኗል። ኦክስፎርድ ውስጥ ለሙከራ የሚሆን ክትባት የሚያመርት አነስተኛ ተቋም ነበረው። ፈቃደኛ የሚመለምል፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚያወጣ፣ ደም የሚመረምር ሰው ሠልጥኗል። በቡርኪና ፋሶና በኬንያ ካሉ ተመራማሪዎች ጋር የቆየ የሥራ ዝምድና አለ። አጀንዳው ወባ ይሁን እንጂ፣ የተሠራው ነገር ለማንኛውም በሽታ የሚሆን ነው።

በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያምስ ሂል በመስከረም ወር የኢቦላ ክትባት ሙከራ ኦክስፎርድ ውስጥ ጀመሩ። ያም በችምፓንዚ ቫይረስ የተጫነ ነበር። ጊልበርት በበኩላቸው በመካከለኛው ምሥራቅ በግመል በኩል ሰውን ለሚይዘው መርስ ለሚባል በሽታ ክትባት ሲሠሩ ነበር። መርስ የኮቪድ የቅርብ ዘመድ ነው። የተጠቀሙበት መጓጓዣ ቻድኦክስ1 ይባላል። በጥር 2020 ከቻይና የቫይረሱ ቅንብር ሲመጣ የጎደለው የሚጫነው ጂን ብቻ ነበር። የመርሱን አውርዶ የኮቪዱን መጫን።

«በዓመት ተሠራ» የሚባለው ክትባት እንግዲህ ይህ ነው። ወባ ላይ የወደቀው መንገድ ኮቪድ ላይ መንገድ ሆነ። ከዚያ በኋላ እጅግ ብዙ ሰው ተወጋበት፤ በድሃ አገሮች በተለይ። በኋላ ከስንት አንድ ሰው ላይ የሚታይ የደም መርጋት ችግር ተገኝቶበት ብዙ የአውሮፓ አገሮች ለወጣቶች መስጠቱን ገደቡ። አምራቹ አስትራዜኔካም በ2024 ከገበያ አወጣው። ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ ግን ማለፍ አይገባም፤ ክትባት ያለ ጉድለት የሚመጣ የሚመስለን ከሆነ የመጀመሪያው ክፉ ወሬ ላይ ሁሉንም እንተዋለን።

ወደ ወባ እንመለስ። ሂል ከሃያ ዓመት የቲ ሴል ጉዞ በኋላ ያደረጉት ነገር ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚገርም ነው። ስማቸውን የተከሉበትን ሐሳብ ወደ ጎን አድርገው፣ የተፎካካሪዎቻቸውን መንገድ ያዙ።

ያ መንገድ አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነት የሚሠራው፣ ተህዋሲ ላይ ተጣብቆ የሚይዝ ፕሮቲን። ስፖሮዞይቱ ጉበት ሳይደርስ ደም ውስጥ እያለ መያዝ። መነሻው ሩቅ ነው። በ1967 ሩት ኑሴንዝቫይግ የተባሉ ሳይንቲስት በጨረር የደከመ ስፖሮዞይት የተወጉ አይጦች በወባ እንደማይያዙ ኒውዮርክ ውስጥ አሳዩ። ቀጥሎ የስፖሮዞይቱ ሽፋን ላይ በብዛት የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ተለየ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አሁን ጂኤስኬ የሚባለው ኩባንያ ሳይንቲስቶች ይህን ፕሮቲን ከሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጋር አጣብቀው አርቲኤስ፣ኤስ የሚባለውን ክትባት ሠሩ። ለብቻው ሲሰጥ ሰውነት ችላ የሚለው ፕሮቲን፣ የሄፓታይተሱ ፕሮቲን በእርሾ ውስጥ ሲመረት ኳስ የሚመስል ቅንጣት ስለሚሠራ፣ ቅንጣቱ ላይ ሲቀመጥ ሰውነት ቫይረስ ያየ ያህል ይነሳበታል።

አርቲኤስ፣ኤስ በሰባት የአፍሪካ አገሮች ከ15,000 በላይ ሕፃናት ላይ ተሞከረ። ከአምስት ወር ጀምሮ አራት ዶዝ የወሰዱ ልጆች በአራት ዓመት ክትትል ውስጥ የወባ ሕመማቸው በ36 በመቶ ቀነሰ። ብዙ ሰው «ይቺ ብቻ?» አለ። ነገር ግን በጋና፣ በኬንያና በማላዊ ለመደበኛው ሕዝብ ሲሰጥ የሕፃናት ሞት በ13 በመቶ መቀነሱ ታየ። በወባ የሚሞተው ሕፃን ቁጥር ሲታሰብ ይህ ቀላል አይደለም።

የኦክስፎርዱ ቡድን የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር። አርቲኤስ፣ኤስ ላይ ካሉት ፕሮቲኖች የወባው ቁራጭ ያለባቸው ከአምስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀረው ባዶ የሄፓታይተስ ፕሮቲን ነው። መረቁ በዝቶ ሥጋው ያነሰበት ወጥ ማለት ነው። ሰውነት ብዙውን ጉልበቱን ሄፓታይተስ ላይ ያጠፋል። ካትሪን ኮሊንስ የተባለች የዶክትሬት ተማሪ በ2010ዎቹ መጀመሪያ እያንዳንዱ ፕሮቲን የወባውን ቁራጭ የሚይዝበትን ቅንጣት ሠራች። አር21 ይህ ነው። ከዚያ ማትሪክስ-ኤም የሚባል፣ ከቺሊ ዛፍ ቅርፊት በሚወጣ ሳሙና መሰል ነገር የሚሠራ፣ ሰውነት ለክትባቱ በኃይል እንዲነሳ የሚያደርግ ማጠናከሪያ ተጨመረበት።

ናኖሮ በምትባል የቡርኪና ፋሶ ወረዳ፣ በሀሊዱ ቲንቶ መሪነት 450 ሕፃናት ላይ ተሞከረ። በ2021 ውጤቱ ሲወጣ ከፍተኛውን የማጠናከሪያ መጠን ያገኙት ልጆች ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ 77 በመቶ መከላከል ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወባ ክትባት ግብ ብሎ ያስቀመጠው 75 በመቶ ነበር። ትልቁ ሙከራ ደግሞ በቡርኪና ፋሶ፣ በማሊ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 4,800 ሕፃናት ላይ ተካሄደ። ወባ በወቅት በሚነሳባቸው ቦታዎች ከክረምቱ በፊት ሲሰጥ 75 በመቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ወባ ባለባቸው ቦታዎች 68 በመቶ ተከላከለ፤ በመጀመሪያው ዓመት። ኃይሉ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል። ለዚህ ነው ከዓመት በኋላ አራተኛ ዶዝ የሚያስፈልገው።

ዋጋው በዶዝ ከሁለት እስከ አራት ዶላር ነው። ሴረም ኢንስቲትዩት በዓመት 100 ሚሊዮን ዶዝ ማምረት እንደሚችል ተናግሯል። ሂል በአደባባይ ያማረሩትም እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ዝግጁ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ተጓተተ። ጋና በሚያዝያ 2023 የዓለም ጤና ድርጅትን ሳትጠብቅ ክትባቱን ቀድማ አጸደቀች። ድርጅቱ የተስማማው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ለኮቪድ ጊዜ ሙከራው፣ ምርቱና የፈቃድ ምርመራው ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር፤ መንግሥታት ክትባቱ ይሥራ አይሥራ ሳይታወቅ ገንዘብ አስቀድመው ከፍለዋል። ለወባ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፣ በመሃል ደግሞ ገንዘብ ይለመናል። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት የሐበሻ ክስ ልክ የሚሆነው እዚህ ቦታ ነው። ሠላሳውን ዓመት ሁሉ አያስረዳም። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዓመታት ግን በደንብ ያስረዳል። በዓመት ስድስት መቶ ሺህ ገደማ ሰው በሚገድል በሽታ ላይ፣ ጥቂት ዓመት ማለት ብዙ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ 7.3 ሚሊዮን የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። 1,157 ሰው ሞቷል። በ2019 ዓመቱን ሙሉ ሚሊዮን የማይሞላ ሰው ነበር የታመመው። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ጦርነት ጤና ጣቢያዎችን ዘግቷል፣ አጎበርና ርጭት ሳይደርስ ቀርቷል። የአየር ጠባይ ተለውጧል። በአንዳንድ ቦታ የወባው ተህዋሲ ፈጣን መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን ስለጣለ «ነጻ ነህ» ተብሎ የሚሸኝ በሽተኛ አለ። ከእስያ የመጣች አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ደግሞ አለች። በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ይህቺ የከተማ ትንኝ ናት። በውሃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች፤ በበጋም አትጠፋም። ድሬዳዋ በ2022 በደረቅ ወቅት በወባ የተመታችው በእሷ ነው።

ታዲያ አር21ን የመሰለ ክትባት ለእኛ ምን ያደርግልናል? ብዙ ያደርጋል፤ ግን ቡርኪና ፋሶ ላይ ያደረገውን ያህል አይሆንም። ይህን በግልጽ የሚናገር ሰው ያነሰ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ነገር፣ ክትባቱ የተሠራው ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ብቻ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ወባ ማለት እሱ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ጋ ግን ቫይቫክስ የሚባለውም በብዛት አለ። በጥቅሉ ከሦስቱ ሕሙማን የአንዱ ያህል ነው፤ እንደ ቦታውና እንደ ዓመቱ ይለያያል። አብዛኛው የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ቀይ የደም ሴሉ ላይ ዳፊ የሚባለው በር ስለሌለው ቫይቫክስ መግባት ይቸግረዋል። ከኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ግን በሩ አላቸው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ የሚነሳ ነው። «ወባዬ ተነሳብኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለሱ ነው። አር21 እሱን አይነካውም። ክትባት ወስዶ በቫይቫክስ የታመመ ሕፃን እናት «ክትባቱ አይሠራም» ብትል ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ገና ከመነሻው ቢነግሯት ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚነድፍበት አገር አዋቂው ደጋግሞ ታሞ ከፊል መከላከያ አለው። የሚሞተው ሕፃኑ ነው። ስለዚህ ከአምስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች መስጠት ይበቃል። እኛ ጋ ግን ወባ በብዙ ቦታ ይመጣል ይሄዳል። ከደጋ ወርዶ ሑመራና መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ የሚሄደው ጎልማሳ ከሕፃን የተሻለ መከላከያ የለውም። በ1958 በአገራችን ደጋማ ቦታዎች የተነሳው ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ሕዝቡ ወባን የማያውቅ ስለነበር። ለነዚህ ሰዎች የሕፃናት ክትባት መልስ አይሆንም። ለነሱ አጎበር፣ ርጭት፣ መድኃኒትና ቶሎ መመርመር ነው ያለው።

ስለዚህ ክትባቱን «ወባን አሸነፍን» ብሎ ማወጅ ትልቅ ስህተት ይሆናል። በጋምቤላና በቤንሻንጉል ለሚኖር፣ ፋልሲፓረም ለሚያጠቃው የሁለት ዓመት ልጅ ግን ሊያተርፈው ይችላል። ለእሱ አሁኑኑ ያስፈልገዋል።

ገንዘቡ ደግሞ እየጠበበ ነው። ለድሃ አገሮች ክትባት የሚገዛው ጋቪ በሰኔ 2025 ብራስልስ ላይ ለአምስት ዓመት 11.9 ቢሊዮን ዶላር ጠይቆ ከ9 ቢሊዮን በላይ ብቻ ቃል ተገባለት። አሜሪካ ድጋፏን እንደምታቆም እዚያው አሳወቀች። የወባ ክትባት አራት ዶዝ ይፈልጋል፤ ከመደበኛው የክትባት ጊዜ ውጭ ጤና ጣቢያ መመላለስ ይጠይቃል። በጀት ሲቆረጥ የሚጎዳው እንዲህ ያለው ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መሠረታዊው ምርምር ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት ውጤት ያላመጣ የቲ ሴል ፕሮጀክት ዛሬ ለገንዘብ ሰጪ ቢቀርብ የሚደግፈው አለ? በሦስት ዓመት ውጤት ካላሳየህ ሂድ በሚባልበት ዘመን ቻድኦክስ1 ባልኖረ ነበር።

የሂል ተማሪዎች ግን ሥራ ላይ ናቸው። ከነሱ አንዱ የሆኑት ሳይመን ድሬፐር የሚመሩት ቡድን ወባ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የሚገጥም ክትባት ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ሞክሮ በ2024 መጨረሻ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። አር21 ያመለጠውን ያ ይይዘዋል የሚል ሐሳብ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠትም ይታሰባል። ኦክስፎርድ ውስጥ የተሞከረ ሌላ ክትባት ደግሞ ቫይቫክስ ዳፊ በተባለው በር እንዳይገባ ለመከልከል የተሠራ ነው። በፈቃደኞች ላይ ሲሞከር የተህዋሲውን የመባዛት ፍጥነት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ገና ነው፤ ብዙ ይቀረዋል። ለሀብታም አገር መንገደኛ የሚሸጥ ገበያ የሌለው ስለሆነ ገንዘብ አፍሳሽም በቀላሉ አያገኝም።

ይህ የመጨረሻው ከማንም በላይ እኛን ይመለከታል። ሁለቱም የወባ ዓይነቶች በብዛት ያሉበት፣ ዳፊ ያለውና የሌለው ሰው ጎን ለጎን የሚኖርበት አገር ብዙ የለም። ቫይቫክስን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አሉ። ናኖሮም አንድ የገጠር ወረዳ ናት። የቡርኪና ፋሶ ሰዎች ለዓመታት ቤተ ሙከራና ባለሙያ ገንብተው ዓለም ለሙከራ ወደነሱ እንዲመጣ አደረጉ። የቫይቫክስ ክትባት ለትልቅ ሙከራ ሲደርስ አርባ ምንጭ ወይም ጅማ ዝግጁ ሆነው ቢጠብቁት፣ ጥያቄውን የምንጠይቀው እኛ እንሆናለን፤ ሕፃናት ላይ ብቻ ሳይሆን የሰሊጥ አጫጁም ላይ ይሞከር ማለት የምንችለውም ያኔ ነው።